71 ሳንቲም ማለት 71 በመቶ ድምፅ ነው?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን ከረሙ? ስተርሊንግ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ደለስ ኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ። አማቼ ሌላ ስቴት ነው፤ የኮንግረስ ተወካያቸው ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ወንበሩ ክፍት ነው። የትንበያ ገበያ የሚባለውን በስልኩ እያየ "የኛ ሰውዬ 71 ገብቷል፣ አለቀ!" ይለኛል። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። 71 በመቶ ድምፅ ያገኛል ማለት ነው? 600 ዶላር ላስገባ አስቤያለሁ። ባለቤቴ "ቤቲንግ ነው" ብላ አኩርፋለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ብዙም አልተሳሳቱም። ሕጋዊነቱን በተመለከተ ግን፣ ካልሺ የተባለው የትንበያ ገበያ ድርጅት እንዲህ ያሉ ውሎችን የሚቆጣጠረውን የፌዴራል ኮሚሽን ከሶ በሴፕቴምበር 2024 ረትቷል። የምርጫ ውል በይፋ መሸጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የተባለው ከሆነ አንዱ ውል 1 ዶላር ይከፍላል፤ ካልሆነ ባዶ። ስለዚህ 71 ሳንቲም ማለት ገዢዎቹ "የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 እጅ 71 ነው" ብለዋል ማለት ነው። ድምፅ ሌላ ነገር ነው።

የራስዎን ሰፈር ይውሰዱ። የኮንግረስ ተወካይዋ ጄኒፈር ዌክስተን በሕመም ምክንያት ዳግም እንደማይወዳደሩ በ2023 ሲያሳውቁ የቨርጂኒያ 10ኛ ወረዳ ወንበር ክፍት ሆነ። ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ሲወዳደር ከ10 ጊዜ 9ኙን ያሸንፋል። እሱ ሲወጣ ግን ሁሉም ይነሳል። በዴሞክራቶች በኩል ብቻ 12 ሰው ተሰለፈ! ሱሃስ ሱብራማንያም በጁን 2024 ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ምርጫ) ያለፉት ወደ 30 በመቶ ድምፅ ብቻ ይዘው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለተኛ ዙር ስለሌለ ቀዳሚው ወሰደ። በኖቬምበር ሪፐብሊካኑን ማይክ ክላንሲን ያሸነፉት ደግሞ ወደ 52 በመቶ አግኝተው ነው። 52 በመቶ ለጥቂት ያመለጠ ይመስላል አይደል? ግን ወረዳው ከ2018 ጀምሮ ዴሞክራት እየመረጠ የመጣ ነው። ወንበሩ ለዴሞክራቶች ይሆናል ብሎ መገመት፣ ከ12ቱ ማን ይሆናል ብሎ ከመገመት በጣም ይቀላል። በአንድ ወንበር ላይ ሁለት የተለያየ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የላኩትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ጥያቄው ላይ የሰው ስም የለም፤ "የትኛው ፓርቲ ያሸንፋል" ነው የሚለው። 71ዱ የፓርቲው እንጂ የአማችዎ ሰውዬ አይደለም። ሰውዬው በፕራይመሪ ወድቆ ፓርቲው ሊያሸንፍ ይችላል።

አሁን ወደ ብሩ። ታክስ ስሠራ የምውል ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ የሄደው እዚያ ነው። ፎቶው ላይ መግዣው 71፣ መሸጫው 63 ሳንቲም ነው። በ600 ዶላር 845 ውል ያገኛሉ። ፓርቲው ካሸነፈ 845 ዶላር ይመለስልዎታል፤ የገበያው የአገልግሎት ክፍያ ሳይነሳ ትርፉ 245 ነው። ከተሸነፈ 600ው ሄደ። በማግስቱ ሐሳብዎን ቀይረው ልሽጥ ቢሉ ደግሞ በ63 ሲሆን 532 ዶላር ገደማ ነው። ምንም ሳይፈጠር 68 ዶላር ተበላ።

በመግዣና በመሸጫ መካከል እንዲህ ሰፊ ክፍተት ሲኖር ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ብዙ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ለአንድ ወረዳ ወንበር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰዎች ናቸው ያሉት። ሦስት ዶሮ ብቻ የቀረበበት ገበያ ላይ አንዱ መጥቶ ሁለቱን ካነሳ ዋጋው ይንራል፤ ይህም እንደዚያው ነው። ጥቂት ሺህ ዶላር የያዘ የዕጩው ደጋፊ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ፎቶ አንስቶ ሊበትነው ይችላል። የቫይበር ግሩፕ ላይ ሲዞር ደግሞ "አለቀ" ይሆናል።

በእኔ በኩል ቁጥሩን ማየት አልጠላም። አንድ ዜና ከወጣ በኋላ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ማየት አንዳንዴ ከተንታኞች ወሬ ይሻላል። 600 ዶላር ግን አላስገባበትም። ማስገባትዎ ካልቀረ ቢጠፋ የማያስቆጭ ይሁን፤ ውሉ በምን እንደሚዘጋም መጀመሪያ ያንብቡ። ካተረፉ ደግሞ ታክስ ላይ እንዳይደብቁ።

አማችዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ የእነሱ ስቴት ፕራይመሪ መቼ ነው? ገና ከሆነ ሰውዬው የፓርቲው ዕጩ እንኳን አልሆነም።