የ1967 ሙስታንጌን እግር ላሠራ ነው፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ስንት ዓመት ስመኛት የኖርኩትን የ1967 ፎርድ ሙስታንግ በቅርቡ ገዛሁ። ሞተሯ ደህና ነው፤ እግሯ ግን አልቋል። ጉድጓድ ስትገባ ወገቤን ታነጥረዋለች፣ መሪውም ልቅ ነው። ጋራዡ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንደኛው የፊቱን ሞላ፣ የኋላውን ባሌስትራና ሾክ አብዞርበሮቹን በአዲስ መቀየር ነው። ሁለተኛው የፊቱን ቆርጦ “ሙስታንግ ቱ” የሚሉትን ኪት (ተሟልቶ የሚሸጥ የፊት እግር ዕቃ) መበየድ ነው፤ መሪውና የፊት ፍሬኑም አብረው ይቀየራሉ። ዋጋውን በቃል ነግረውኛል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ “ከነካካሃት ኢንሹራንስ አይከፍልህም” ይለኛል። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ቆርጠው ሳይጨርሱ መጠየቅዎም ጥሩ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚመጡት።

መጀመሪያ ቀላሉን ልጨርስ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመኪና እግር (ሰስፔንሽን) መቀየር በራሱ ክልክል አይደለም። የጭስ ምርመራም አያሳስብዎ፤ 1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከስሞግ ነፃ ናቸው። ዝቅ ማድረግ ከፈለጉ ግን የትራፊክ ሕጉ አንቀጽ 24008 ገደብ አለው። ከጎማው በቀር ማንኛውም የመኪናዋ አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም። ሥራው ሲያልቅ ሜዳ ላይ አቁመው ይለኩ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደው የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለቱ ምርጫዎች በዋጋ ብቻ የሚለያዩ አይምሰልዎ። የመጀመሪያው በቁልፍ ተፈትቶ በቁልፍ የሚታሰር ነው። ነገ ካልተስማማዎ አሮጌውን መልሰው ያስገባሉ። ሁለተኛው ግን የግራይንደር ሥራ ነው። የ1967 ሙስታንግ የፊት ሞላ የሚቀመጠው ከሞተሩ ግራና ቀኝ በቆሙ ሁለት የብረት ማማዎች ውስጥ ነው። ሾክ ታወር ይሏቸዋል። ከ1974 እስከ 1978 በተመረተችው ሙስታንግ ቱ ስም የሚጠራው ኪት እንዲገባ እነዚህ ማማዎች ተቆርጠው መውጣት አለባቸው። ሰው ይህን የሚወደው ለትልቅ ሞተር ቦታ ስለሚለቅቅና መሪውን ስለሚያቀለው ነው። ይገባኛል። ግን እዚያው አጠገብ አንድ ነገር አለ።

ዛሬ ማታ ኮፈኑን ይክፈቱ። በሾፌሩ በኩል፣ ፓራፋንጎው ከውስጠኛው ላሜራ ጋር የሚጋጠምበትን ጠርዝ ይመልከቱ። ትንሽ የተቆረጠ ክፍተት ያገኛሉ። ቅባቱን በጨርቅ ሲጠርጉት በብረቱ ላይ የተመታ 11 ፊደልና ቁጥር ይወጣል። በ7 ይጀምራል፤ 7ቱ የ1967 ሞዴል መሆኗን ይነግርዎታል። ቀጥሎ “አር” ካለ የተሠራችው እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው። የመኪናዎ የሻንሲ ቁጥር ይህ ነው። ታይትልዎ (የባለቤትነት ወረቀትዎ) ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩት፣ ፎቶም ያንሱት።

ብዙ ጋራዦች ማማውን ሲቆርጡ ላሜራውንም “ዝጓል” ብለው አብረው ይቀይሩታል። ያኔ ቁጥሩ ከቁርጥራጩ ጋር ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። የዚያው የትራፊክ ሕግ አንቀጽ 10750 ያለ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) የጽሑፍ ፈቃድ ሆን ብሎ ይህን ቁጥር ማጥፋት ወይም መቀየር ይከለክላል። በአንቀጽ 10751 ደግሞ ቁጥሯ የጠፋ መኪና በፖሊስ ልትያዝ ትችላለች። አንድ ደንበኛዬ ላሜራዋ የተቀየረ መኪና በቅን ልቦና ገዝቶ፣ መኪናዋ ተይዛበት፣ ሌባ አለመሆኑን ለማስረዳት ወራት ፈጅቶበታል። ወረቀቱን ይዞ ፖሊስ ግቢ አጥር ሥር ቆሞ መኪናውን ሲያያት አልረሳውም።

ሌላው ፍሬኑ ነው። ኪቱ የፊት ፍሬኑን ከነመያዣው ይቀይራል ብለዋል። በ1968 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማሎኒና ራት ጉዳይ የወሰነውን ይወቁት። አንዲት ሴት ፍሬኗን መካኒክ ዘንድ ወስዳ አሠራች። ከጥቂት ወራት በኋላ በመካኒኩ ስህተት ፍሬኑ እምቢ አላትና ከፊቷ ያለውን መኪና ገጨች። “እኔ ምን አደረግሁ፣ መካኒኩ ነው” አለች። ፍርድ ቤቱ ግን ፍሬንን በደህና የመያዝ ግዴታ በባለቤቱ ላይ ነው፤ መካኒክ በመቅጠር ወደ ሌላ አይተላለፍም አለ። ለተጎጂው የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ መካኒኩን ይከሱታል። ስለዚህ በርካሽ ብየዳ የሚገኝ ቁጠባ ቁጠባ አይደለም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከፊት ወፍራም ስዌይ ባር (ስትታጠፍ እንዳታጋድል የሚይዛት ዘንግ) ከጨመሩና ቡሺንጎቹን (የመገጣጠሚያ ጎማዎቹን) ካሳደሱ፣ ከዚያም የጎማዎቿን አቅጣጫ በደንብ ካሰለፉ፣ ለከተማና ለሰንበት ጉዞ ከበቂ በላይ ናት። ሁለተኛውን ካሉም መብትዎ ነው፤ ግን ቁጥሩ ያለበት ላሜራ እንደማይነካ በጽሑፍ ያስፈርሙ።

የቃል ዋጋውን ተዉት። የካሊፎርኒያ ሕግ ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ግምት እንዲሰጥዎ ያስገድዳል። ያለ እርስዎ ፈቃድ ከዚያ በላይ ማስከፈል አይችልም። በስልክ ከፈቀዱለት እንኳ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፈቀደውን ሰው ስምና የደወለበትን ቁጥር መመዝገብ አለበት። ጋራዡ ጋራዦችን በሚቆጣጠረው የካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤት፣ በቢሮ ኦፍ አውቶሞቲቭ ሪፔር መመዝገቡንም ያጣሩ። ያልተመዘገበ ጋራዥ ለሠራው ሥራ ከስሶ ማስከፈልም ሆነ መኪናዎን በዕዳ መያዝ በሕግ አይፈቀድለትም። የሚፈርሙት ወረቀት ላይ አሮጌ ዕቃዎቹን መልሰው እንደሚፈልጉም ያስጽፉ። የ1967 ኦሪጅናል ዕቃ ፈላጊ አለው፤ መኪናዋን ሲሸጡም ዋጋ ይጨምራል። ክርክር ከተነሳ እስከ 12,500 ዶላር የሚደርሰውን ያለ ጠበቃ በስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

ዕቃውን ራስዎ የሚገዙ ከሆነ “ለውድድር ብቻ” የሚል ጽሑፍ ካለበት ይለፉት። መንገድ ላይ ሲሰበርብዎ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳይዎት ያንን ጽሑፍ ነው። ለሻጩ “በየቀኑ መንገድ ላይ የምነዳው የ1967 ሙስታንግ ነው” ብለው በኢሜይል ይጻፉለት። ሻጩ ዓላማዎን አውቆ፣ እርስዎም በእሱ ዕውቀት ተማምነው ከገዙ፣ ዕቃው ለዚያ ዓላማ ካልሆነ ሕጉ ዋስትና ይሰጥዎታል።

የባለቤትዎ ወንድም ግማሽ እውነት አለው። እግሯን በመቀየርዎ ብቻ ኢንሹራንስ አይከለክልዎትም። መደበቅ ግን አደጋ አለው። የካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 331 ሆን ተብሎም ይሁን ሳይታሰብ የተደበቀ ነገር ውሉን ለማፍረስ ምክንያት እንደሚሆን ይናገራል። ደረሰኞቹንና ፎቶዎቹን ይላኩላቸው። አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ የሚከፍል የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስም ይጠይቁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ውል ብዙ ጊዜ ሥራ መመላለሻ እንዲያደርጓት አይፈቅድም።

ነገ ጋራዡ ሲሄዱ ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ይህን ያስጽፉ፦ “የፊት ሞላ፣ የኋላ ባሌስትራ፣ አራት ሾክ አብዞርበር። ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ምንም ብረት አይቆረጥም፣ አይበየድም። አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ ይመለሱ።”