እጁን ከፍ ያደረገው ወታደር

«ሲስተር፣ የሐኪሞች ቦርዱ ለአባቴ ትከሻ የሰጠው የጉዳት መቶኛ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ይግባኝ ብንል ዋጋ አለው?»

ይህን የጠየቀችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሕግ ተመርቃ ሥራ ትፈልጋለች። አባቷ የቀድሞ ወታደር ናቸው። «አብሽሪ፣ ዋጋ አለው» አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ሰው ትዝ አለኝና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለእናንተ ለወጣቶቹ ስለ እሱ ልጻፍ።

እኔ ደሴ ውስጥ በአጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሰውየው የኩታበር ልጅ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ኮምቦልቻ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1991 ባድመ ግንባር ላይ የጥይት ሳጥን እንደተሸከመ ምሽግ ውስጥ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ጓዶቹ ጎትተው መለሱለት። ክንዱን በሻሽ አሰረና ቦታው ላይ ቀረ። «ሌላው ሆዱን ተመትቶ ተኝቶ እያየሁ እኔ ለትከሻ ሐኪም ጋ ልሂድ?» ነበር ያለኝ። በዚህ ምክንያት ያን ዕለት ስለ እሱ የተጻፈ አንድም ነገር የለም። አገሩ ሲገባ ወጌሻ አሸው።

ወጌሻ ስል እየነቀፍኩ አይደለም። አጥንት ተሰብሮ ከሆነ «ይሄ የኔ አይደለም» ብለው በሽተኛውን በሰው አስደግፈው ወደ እኛ የሚልኩ አዋቂ ሽማግሌ አውቃለሁ። እጃቸው ወርቅ ነበር። የወጌሻ ችግሩ ካርድ የለውም።

በወጣትነት አንዴ የወለቀ ትከሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ይወልቃል። ይህ ሰው ኩንታል ሲያነሳ ይወልቅበታል፣ ሌሊት ሲገላበጥ ይወልቅበታል። ክንዱን ወደ ጎን አስነስቼ፣ የመገጣጠሚያ ማዕዘን በምንለካበት በጎኒዮሜትር ስለካው ከ90 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ጤነኛ ትከሻ 180 ይደርሳል። ልኬቱን ጻፍኩ። ወረቀቱ ግን ለቦርድ ከሚቀርበው መዝገብ ጋር ሳይያያዝ ቀረ።

ቦርድ የቀረበ ዕለት እዚያው ነበርኩ፤ ስም መጥራት የኔ ሥራ ነበር። ጺሙን ተላጭቶ፣ ልብሱን አስተኩሶ መጣ። ከሐኪሞቹ አንዱ «እስቲ ቀኝ እጅህን አንሳ» አለው። ተረከዙን ገጠመ። ደረቱን ነፋ። ጥርሱን ነክሶ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አነሳው! ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። ሐኪሙ አቀርቅሮ ይጽፋል።

«ያምሃል?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ።»

የተሰጠው መቶኛ ከ10 በታች ሆነ። በጡረታ ሕጋችን ከሥራ የመጣ ጉዳት 10 በመቶ ካልሞላ የጉዳት ጡረታ አበልም ሆነ አንዴ የሚከፈለው የጉዳት ዳረጎት አይገኝም። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበትና «ምነው እንዲህ አደረግህ?» አልኩት። «ሲስተር፣ ሰው ፊት እጄን መጣል አፈርኩ» አለኝ።

ይግባኝም ብሎ ነበር። አቤቱታውን የጻፈለት አንድ ራፖር ጸሐፊ ነው። አስነብቦኛል። ስለ ሀገር ፍቅር፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስለ ልጆቹ ረሃብ በሚያምር ቋንቋ ተጽፏል። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ትከሻው ግን «ታምሜአለሁ» ከማለት ሌላ ምንም የለም። አዲስ የሕክምና ማስረጃ አልቀረበም ተብሎ ተመለሰ። እሱም «በቃኝ» ብሎ በግራ እጁ ጭነቱን ቀጠለ። የሐረጎን ተራራ ወርጄ ኮምቦልቻ በገባሁ ቁጥር የእህል መጋዘኖቹ በር ላይ ዓይኔ ይፈልገዋል።

የዛሬ ልጆች አንድ የማልወድላችሁ ነገር አለ። ውሳኔውን ሳታነቡ «እዚያ ቤት ማንን እናውቃለን?» ትላላችሁ። የኛዋ ልጅ እንኳ፣ ሕግ የተማረችው፣ ሁለተኛው ጥያቄዋ ይኸው ነበር። ቁጭ ብለን ውሳኔውን ስናነበው ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል፤ ከራጅ በቀር ሌላ ምርመራ አልቀረበም፣ ራጁ ላይም ምንም አልታየም ይላል። ራጅ እኮ የሚያሳየው አጥንት ነው። የተበጠሰ የትከሻ ጅማት በራጅ አይታይም፤ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልገዋል። ይኼኔ ሰው ፍለጋውን ትታ ምርመራ ፍለጋ ገባች። ጎበዝ ናት።

የጡረታ አዋጁ፣ ቁጥር 1267/2014፣ ወታደሩንም ፖሊሱንም ያቅፋል። በአበል ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ይላል። ጊዜው ያልፋልና ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። አቤቱታው አጭር ይሁን። የትኛው እጅ እንደሆነ፣ ሰውየው ቀኝ እጁን የሚጠቀም ወይም ግራኝ መሆኑን፣ ስንት ዲግሪ እንደሚነሳ፣ ደጋግሞ ሲያነሳ ምን እንደሚሆን፣ ምን ሥራ እንዳስተወው ይናገር። ያለ ወረቀት የሚደረግ ክርክር ከንቱ ልፋት ነው።

ደግሞ ወረቀት የሌለው ሁሉ አልተጎዳም ማለት አይደለም። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ብዙ መዝገብ ጠፍቷል። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ምን ያድርግ? አብረውት የነበሩ ጓዶቹን ይፈልግ፣ ይመስክሩለት።  አባቶቻችሁ ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ እናንተ ጠይቁላቸው። ቦርድ ሲቀርቡም አብራችሁ ሂዱና በር ላይ «አባባ፣ የሚያምዎት ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቁሙ፣ ይናገሩ» በሏቸው።

ጤና ጣቢያ የተመደባችሁ ልጆች፣ ለናንተም አንድ ነገር አለኝ። «የትከሻ ሕመም፤ ዳይክሎፌናክ» የሚል፣ ሕመሙንና ማስታገሻውን ብቻ የያዘ ካርድ በጣም ብዙ አይቻለሁ። መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደተጎዳ ጠይቁና ጨምሩበት። ነገ የሚፈርዱለት ሰዎች የሚያነቡት ያንን ነው። ደጁ ላይ ሰልፍ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ሸሚዙን ሲያወልቅ ቀና ብላችሁ እዩት። ትከሻው የተጎዳ ሰው ደህናውን እጁን ነው አስቀድሞ የሚያወጣው። እሱንም ጻፉት።