የሴት ወታደሮች ፍቅርና ትዳር፦ ጥያቄና መልስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለዘመቱ ሴቶች ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከውጊያው ይልቅ ወደ ፍቅርና ትዳር ያዘነበሉ ናቸው። ዛሬ አራቱን አስተናግዳለሁ።

ጥያቄ፦ ሴት ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለች ማግባት ትችል ነበር?

መልስ፦ በብሪታንያም ሆነ በአሜሪካ ትችል ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ባወጣችው ሕግ በግዴታ የጠራችው ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ያላገቡ ሴቶችና ልጅ የሌላቸውን መበለቶች ስለነበር፣ ባል ያላት ሴት ከግዳጁ ነፃ ነበረች። አስቸጋሪው የማዕረግ ልዩነት ነበር፤ የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ከበታች ማዕረግተኞች ጋር በግል መቀራረባቸውን ስለማይወድ፣ ወንዱ መኮንን ሴቷ ተራ ወታደር የሆኑ ጥንዶች በግልጽ አብረው መታየት ይቸገሩ ነበር። ከዚህ የከበደው ግን የእርግዝና ጉዳይ ነው። ያረገዘች ሴት ከጦሩ ትሰናበታለች፤ የልጁ አባት ወታደር ቢሆን እንኳ በዚህ ምክንያት ከሥራው የሚያነሳው አልነበረም። አሠራሩ በአሜሪካ ጦር እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ መዝለቁን ሳስብ፣ የጦርነት ጊዜ ጥድፊያ ነው የሚለው ማመካኛ አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ ፍቅረኛሞች ጎን ለጎን ተዋግተው ያውቃሉ?

መልስ፦ በሶቪየት ኅብረት፣ አዎን። 309 የጠላት ወታደሮችን በመግደል የተመዘገበላት አልሞ ተኳሿ ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ፣ በሴቫስቶፖል መከላከል ወቅት እንደ እርሷ አልሞ ተኳሽ ከነበረው ከአሌክሲ ኪትሴንኮ ጋር ትዳር መሥርታ ነበር፤ እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ግንባር ቆስሎ ሞተ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ስትላክ አንዳንድ ጋዜጠኞች የጠየቋት ስለ ፊት መኳኳያና ስለ ቀሚሷ ርዝመት ነበር፤ ባሏን ከቀበረች ወራት ብቻ ለተቆጠሩባት ሴት ከዚህ የከፋ ጥያቄ ማግኘት ያዳግታል። የተሻለ ዕድል የገጠማት ናዴዝዳ ፖፖቫ ናት። አብራሪዎቹም ሆኑ መካኒኮቹ ሴቶች በሆኑበት የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት ውስጥ 852 ጊዜ ለግዳጅ የበረረችው ይህች ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በማፈግፈግ ላይ ሳለች ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለ ሴምዮን ካርላሞቭ የተባለ ተዋጊ አብራሪ ተዋወቀች፤ ከጦርነቱ በኋላም ተጋቡ።

በብሪታንያ ፀረ አውሮፕላን የመድፍ ክፍሎችም ወንዶችና ሴቶች አብረው ይሠሩ ነበር። ሴቶቹ የጠላትን አውሮፕላን ከፍታና አቅጣጫ እየለኩ ያቀርባሉ፤ መድፉን መተኮስ ግን አይፈቀድላቸውም። ደመወዛቸውም ከወንዶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነበር።

ጥያቄ፦ ብዙዎቹ ወደ ጦሩ የገቡት ወንድ ፍለጋ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የወሬው ታሪክ ግን ሊታወቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 በኦቬታ ካልፕ ሆቢ ይመራ የነበረው የአሜሪካ የሴቶች ጦር አባላት የተመለመሉት ለወንዶቹ መዝናኛ ነው የሚል አሉባልታ በሰፊው ተናፈሰ። ጠላት የነዛው ፕሮፓጋንዳ ይሆናል በሚል ጥርጣሬ ምርመራ ሲካሄድ ግን፣ ወሬው በአብዛኛው የመነጨው ከአሜሪካ ወታደሮች ከራሳቸው ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ወታደሮች አንዳንዶቹ እኅቶቻቸውና እጮኞቻቸው እንዳይመዘገቡ እስከመጻፍ ደርሰዋል፤ ምልመላውም ተጎዳ።

ጥያቄ፦ የፍቅር ደብዳቤዎች በጊዜው ይደርሱ ነበር?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደርሱም ነበር። በመጀመሪያ ሳንሱር አለ፦ የተራ ወታደር ደብዳቤ በመኮንን ይነበባል፤ የቦታ ስምና የጦር እንቅስቃሴ የሚጠቁም ቃል ካለም ይሰረዛል ወይም ተቆርጦ ይወጣል። ቀጥሎ የመከማቸት ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 በሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ የሚመሩት የ6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች እንግሊዝ በርሚንግሃም ሲደርሱ፣ በመጋዘኖቹ ውስጥ ለወራት የተከማቸ ደብዳቤና ጥቅል ጠበቃቸው። ሮበርት ስሚዝ የሚባሉት ወታደሮች ብቻ ከ7,000 በላይ ስለነበሩ፣ የአንዷ እጮኛ ደብዳቤ ለሌላው ሮበርት እንዳይደርስ በየወታደሩ መለያ ቁጥር የተደራጀ የካርድ መዝገብ መጠቀም ነበረባቸው። በሦስት ፈረቃ ቀንና ሌሊት እየሠሩ ስድስት ወር ይፈጃል የተባለውን ሥራ በሦስት ወር ያህል ጨረሱ፤ ከዚያም ለተመሳሳይ ሥራ ወደ ፈረንሳይ፣ ሩዋን ተላኩ።