የጂዲቢ ኮማንድ ቴስት ላፕቶፕ ላይ አልፎ ሰርቨር ላይ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቡድናችሁ ለጂዲቢ፣ ማለትም ፕሮግራምን እያስኬዱ ስህተት ለሚፈልጉበት ዲበገር፣ በፓይተን የራሱን ኮማንድ ጽፏል። ኮማንዶቹን በፓይፕ እየላካችሁ የሚወጣውን ጽሑፍ ቀድሞ ከተቀመጠ ፋይል ጋር በዲፍ ታስተያያላችሁ። ላፕቶፕ ላይ ሁሌም ያልፋል፣ ሰርቨር ላይ ግን አንዳንዴ ይወድቃል።

ዲፉን ተዉት። ዲበገር የሚያወጣው ጽሑፍ ውስጥ እናንተን የማይመለከት ብዙ ነገር አለ፤ የሜሞሪ አድራሻ፣ የፕሮሰስ ቁጥር፣ የፎልደር ፓዝ። አንዱ በተቀየረ ቁጥር ቴስቱ ይወድቃል፤ ያለምክንያት የሚወድቅ ቴስት ደግሞ ውሎ አድሮ የሚያየው አያገኝም። የጂዲቢ ዴቨሎፐሮች ራሳቸው የሚጠቀሙት ዴጃግኑ የተባለውን የቴስት ማስኬጃ ነው። እሱ የተሠራው ከሌላ ፕሮግራም ጋር በጽሑፍ በሚነጋገረው በኤክስፔክት ላይ ሲሆን፣ ኤክስፔክት ደግሞ ቲክል በሚባለው የስክሪፕት ቋንቋ ላይ ነው። ኮማንድ ይልካል፣ ፕሮምፕቱ (ጂዲቢ ቀጣዩን ኮማንድ ለመቀበል መዘጋጀቱን የሚያሳየው ምልክት) እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ከመካከል የምትፈልጉትን ብቻ በሬጀክስ፣ ማለትም በጽሑፍ መፈለጊያ ፓተርን፣ ይፈልጋል። ፓይተን ከቀለላችሁ ፒኤክስፔክት የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

መጀመሪያ ጂዲቢውን ከማሽኑ ልማድ አላቁት። በ«-ኤንኤክስ» አስነሱት፤ አለዚያ የአንዱ ዴቨሎፐር የግል ኢኒት (የመነሻ ቅንብር) ፋይል ይገባበታል። «ሴት ሃይት 0» ካላላችሁ ረጅም ውጤት ሲመጣ ገጽ በገጽ የሚያሳየው ፔጀር ኢንተር እስኪነካ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚነካለት ስለሌለ ቴስቱ በታይምአውት ይሞታል። «ሴት ዊድዝ 0» ካላላችሁ ደግሞ ረጅም መስመር መሃል ላይ ይሰበርና ሬጀክሱ አያገኘውም። ኮንፈርምን ኦፍ አድርጉ፣ ተርሚናሉን «ደምብ» በሉት፣ ቋንቋውን በ«ኤልሲ ኦል» ወደ «ሲ» አስተካክሉ፣ የከለር ስታይልን ዝጉ። ብዙ ሰው የሚረሳው የዲበግ መረጃን ከሰርቨር የሚያመጣውን ዲበግኢንፎዲን ነው፦ ሰርቨሩ ላይ የዩአርኤል ቫሪያብሉ ተሞልቶ ከሆነ ጂዲቢ «ልክፈተው?» ብሎ ዋይ ወይም ኤን ይጠይቃል። እሱንም አስቀድማችሁ ኦፍ በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። አንዴ ማለፍ አንዴ መውደቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፕሮምፕቱን ሳይጠብቁ ወደ ቀጣዩ ከማለፍ ነው። «ብሬክፖይንት 1፣ ሜይን» የሚለውን እንዳያችሁ ቴስቱን አለፈ ብላችሁ ቀጣዩን ኮማንድ ከላካችሁ፣ የቀረው ጽሑፍና ፕሮምፕቱ ገና ሳይነበቡ በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ተቀምጠዋል። ቀጣዩ ቴስት ያንን አሮጌ ፕሮምፕት የራሱ መልስ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቴስት የሚያነበው የቀደመውን ኮማንድ መልስ ነው። ሎጉ ላይ አሥር ፌይል በተከታታይ ካያችሁ፣ ጥፋቱን ከመጀመሪያው ፌይል በፊት ያለው «ፓስ» ላይ ፈልጉ። ፈጣን ማሽን ላይ ሁሉም ጽሑፍ ባንዴ ስለሚደርስ ስህተቱ አይታይም። ይህን ለማጋለጥ የጂዲቢ ቴስት ስዊት «ሜክ ቼክ-ሪድ1» የሚባል አለው፤ ኤክስፔክት የሚያነበውን አንድ አንድ ባይት ያደርግበታል። በጥድፊያ የተጻፈ ሬጀክስ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

በፒኤክስፔክት ስትጽፉ የሚያዋጣው ሁሌም ፕሮምፕቱን ብቻ መጠበቅ፣ ከዚያ በፊት የመጣውን ጽሑፍ ከ«ቢፎር» አውጥቶ መመርመር ነው። ፕሮምፕቱንም በ«ሴት ፕሮምፕት» ፕሮግራሙ ራሱ ሊያትመው ወደማይችል ልዩ ቃል ቀይሩት። የ«ዶላር» ምልክትን በሬጀክስ መጨረሻ አትመኑ፤ እዚያ ላይ ትርጉሙ የመስመር መጨረሻ ሳይሆን እስካሁን የደረሰው መጨረሻ ነው።

ሬጀክሱ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቫሪያብሉ 5 መሆኑን ለማየት «5» ብቻ ብትጽፉ 15ም ያልፋል። የዴጃግኑ «ጂዲቢ_ቴስት» ከፓተርናችሁ ኋላ ፕሮምፕቱን ራሱ ስለሚጨምር 50 አያልፍም፤ ከፊት ግን ምንም አያስርም። «= 5» ብላችሁ ጻፉ። የቫልዩ ሂስትሪውን ቁጥር (ጂዲቢ ለእያንዳንዱ የፕሪንት ውጤት የሚሰጠውን ተራ ቁጥር) ግን አታስገቡ፣ አንድ ፕሪንት ከላይ ሲጨመር ሁሉም ይዛነፋል። ፒቲዋይ (ቴስቱ ከጂዲቢ ጋር የሚነጋገርበት ምናባዊ ተርሚናል) የላካችሁትን ኮማንድ መልሶ እንደሚያሳይም አትርሱ፤ የምትጠብቁት ቃል ኮማንዱ ውስጥ ካለ ኮማንዱ ባይሠራም ቴስቱ ያልፋል። ቲክል ውስጥ ደግሞ በድርብ ጥቅስ መካከል ያለ ማዕዘን ቅንፍ እንደ ኮማንድ ይቆጠራል። የአሬይ ኢንዴክስ ስትጽፉ በጥምዝ ቅንፍ እቀፉት።

የመስመር ቁጥር በእጅ አትጻፉ። ሶርሱ ላይ «እዚህ ቁም» ዓይነት ኮሜንት አስቀምጡና ቁጥሩን ከፋይሉ አስፈልጉ፤ በዴጃግኑ በኩል «ጂዲቢ_ጌት_ላይን_ነምበር» ይህን ይሠራል። የሙከራ ፕሮግራሙን በ«-ጂ» (ከዲበግ መረጃ ጋር) እና በ«-ኦ0» (ያለ ኦፕቲማይዜሽን) ኮምፓይል አድርጉ፤ ኦፕቲማይዝ ከተደረገ ቫሪያብሉ «ኦፕቲማይዝድ አውት» ሊባል ይችላል።

ሰርቨሩ ላይ ቴስቱ የሚሮጠው በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ነባሪው ሴክኮምፕ (ፕሮግራም ከከርነሉ የሚጠይቀውን የሚያጣራው) ጂዲቢ የአድራሻ ራንደማይዜሽንን እንዳያጠፋ ስለሚከለክል ዋርኒንግ ይታተማል፣ አድራሻውም በየጊዜው ይለያያል። ዲፋችሁን ሊያበላሸው የሚችል አንዱ ይሄ ነው። ለቴስት ኮንቴይነሩ የ«ሲስ ፒትሬስ» ፈቃድ ስጡት፣ ሴክኮምፑንም አላሉት። ከዚህ ሌላ የያማ (የሊኑክስ የደህንነት ሞጁል) «ፒትሬስ ስኮፕ» 1 ከሆነ «ራን» ይሠራል፣ ጂዲቢ ራሱ ያላስነሳውን ፕሮሰስ «አታች» ማድረግ ግን በተራ ዩዘር ይከለከላል። እንዲህ ያለውን «ፌይል» አትበሉት፤ «አንሰፖርትድ» ነው። የታወቀ የጂዲቢ ባግ ሲሆን «ኬፌይል»፣ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ወይም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲሆን «ኤክስፌይል» ይባላል።

ታይምአውቱ በኤክስፔክት 10፣ በፒኤክስፔክት 30 ሰከንድ ነው። ለተጨናነቀ ሰርቨር ከፍ አድርጉት፤ የሚያልፍ ቴስት ስለማይጠብቅ ጊዜ አያባክንም። ለእያንዳንዱ የቴስት ፋይል አዲስ ጂዲቢ አስነሱ፣ የአንዱ መንጠልጠል ወደ ሌላው እንዳይሻገር።

የኮማንዳችሁን ስሌት ግን ከነጭራሹ በጽሑፍ አትፈትሹት። ፓይተን ስለሆነ «ፓርስ_አንድ_ኢቫል» የተባለው የጂዲቢ ፈንክሽን የሚመልሰውን ዋጋ እዚያው ጂዲቢ ውስጥ አወዳድሩ፤ የኤክስፔክቱን መንገድ ዩዘሩ ለሚያየው ጽሑፍ ብቻ አስቀሩት። ሁሉም ሲያልፍ ደግሞ ኮማንዱን ሆን ብላችሁ አበላሹና አንዴ አስሮጡት። ያኔም ካለፈ ሬጀክሱ ምንም እየያዘ አይደለም።