መልስ፦ መሄድ የሚናፍቅ፣ መቅረብ የሚፈራ ሰው በዘፈን ግጥም

ወንድሜ፣ «ግጥሜ ውስጥ ያለው ሰው መሄድ ይፈልጋል፣ መቅረብም ይፈራል፤ ሲዘፈን ግን ተራ የናፍቆት ዘፈን ሆነብኝ» ላልከው፦ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ሁለቱ ስሜቶች በየፊናቸው ሲቀመጡ ነው። አንዱ አንጓ ስለ መንገድ ብቻ፣ ሌላው ስለ ፍርሃት ብቻ ካወራ አድማጭ አያገናኛቸውም። እዚያው በሁለት ስንኝ አጋጫቸው፦

ናፍቆት እየነዳ ከደጅሽ ቢያደርሰኝ፣
በሩን ስትከፍቺው ሩቅ አገር ናፈቀኝ።

«ፈራሁ» የሚል ቃል የለበትም፤ ፍርሃቱ ያለው በሩ በተከፈተባት ቅጽበት ነው። ወደ እሷ የነዳውም፣ ከእሷ የሚያሸሸውም ያው ናፍቆት መሆኑን ልብ በል። «ፍቅር ያስፈራኛል» ብለህ በቀጥታ ከጻፍክ ግን ሰሙም ወርቁም ይጠፋል።

ልኩ የወል ቤት የሚባለው ነው፤ በእያንዳንዱ ሐረግ (የስንኙ ግማሽ) 6 ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል)፣ በስንኙ 12። ስትቆጥር ፊደል አትቁጠር። «ናፍቆት» 4 ፊደል ቢሆንም ናፍ-ቆት ተብሎ 2 ቀለም ነው። ዘፋኙ ቃል የሚጎትተው ወይም የሚውጠው አብዛኛውን ጊዜ ገጣሚው እዚህ ቆጠራ ላይ ስለሚሳሳት ነው።

ዜማህ ትዝታ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ አድማጭ ገና ክራሩ ሲጀምር ያለፈ ነገር ይጠብቃል። አዝማቹን «ሄድኩ፣ ቀረሁ» ሳይሆን «ልሂድ ወይስ ልግባ» አድርገው፤ ሰውየው አሁንም ደጃፉ ላይ እንደቆመ ይሰማል።