ፈቃዱ በማን ስም ይውጣ?

ከፍኖተ ሰላም የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። በሒሳብ አያያዝ ከተመረቀች አራት ዓመቷ ቢሆንም የመንግሥት ሥራ አላገኘችም። ከእናቷ ጋር በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቿ፣ በእነሱም በኩል ለጎረቤቶቻቸው ትልካለች። ጠያቂው ስለበዛ የንግድ ፈቃድ አውጥታ፣ ተበድራ፣ ወፍጮ ገዝታ በወጉ ልትሠራ አስባለች። ቤተሰቧ ግን «ፈቃዱም ብድሩም በታላቅ ወንድምሽ ስም ይሁን፤ እሱ የእህል ነጋዴ ነው፣ ቢሮውን ያውቀዋል፤ አንቺ ነገ ታገቢያለሽ» አሏት። አባቷ ደግሞ የመንግሥት ማስታወቂያ ብትጠብቅ ይመርጣሉ። ወፍጮ ልግዛ ወይ፣ ባሕር ዳር ሱቅ ልከራይ ወይ፣ ዋጋዬን እንዴት ላውጣ ብላም ጠይቃለች።

እህቴ፣ የወፍጮውንና የዋጋውን ነገር እመጣበታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃዱን በወንድምሽ ስም እንዳታወጪ። ይህን የምልሽ ወንድምሽን ጠርጥሬ አይደለም፤ እንደሱ ያለ ደግ ሰው ባይኖርም መልሴ አይለወጥም። የብድር ማመልከቻ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነውና እኔም ከወረቀቱ ልጀምር።

በንግድ መዝገብ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው ነጋዴው። በርበሬውን የምትቀነጥቢው፣ አተሩን የምትቆዪው፣ ሌሊት የምታሽጊው አንቺ ብትሆኚም በሕግ ፊት የወንድምሽ ሠራተኛ ነሽ፤ የቅጥር ውል ከሌለሽ ደግሞ እሱንም አይደለሽም። ግብሩን ተመልከቺ። የአንድ ግለሰብ የንግድ ገቢ በአንድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሥር ይደመራል። የእሱ የእህል ሽያጭና ያንቺ የበርበሬ ሽያጭ ሲደመሩ ወደ ከፍተኛ የግብር ደረጃ ሊያስገቡትና ሙሉ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ሊያስገድዱት ይችላሉ። ያን ጊዜ «ያንቺ ሥራ ግብር አበዛብኝ» ማለቱ አይቀርም፤ እውነቱንም ነው። በእህሉ ከስሮ አበዳሪዎቹ ቢከሱት ደግሞ በዕዳ የሚያዘው በስሙ ያለ ንብረት ሁሉ ነው። የበርበሬ ክምችትሽ ከጤፉ ጋር አብሮ ይቆጠራል።

ወንድምሽ ባለትዳር ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። በአማራ ክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት፣ በጋብቻ ውስጥ በአንደኛው ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ትዳሩ ቢፈርስ ንግዱ የሚካፈለው በእሱና በሚስቱ መካከል ነው። አንቺ ድርሻ ልጠይቅ ብትይ ከማስረዳት በቀር የምትመዢው ሰነድ የለሽም፤ እናትሽን ምስክር አድርገሽ በገዛ ወንድምሽ ላይ ችሎት ትቆሚያለሽ ማለት ነው።

«ነገ ታገቢያለሽ» የሚሉሽም ነገሩን ገልብጠውታል። ማግባትሽ ፈቃዱ ዛሬ በስምሽ እንዲወጣ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ከጋብቻ በፊት ያፈራሽው ንብረት የግልሽ ሆኖ ሊቆይ የሚችለው በስምሽ መኖሩ ሲታወቅ ነው፤ ስታገቢ በጋብቻ ውሉ ላይ ታሰፍሪዋለሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር፤ ያ ከተሻረ ቆየ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕጉ ተለውጧል፤ ያልተለወጠው የቤታችሁ ወግ ነው፤ እሱን ደግሞ አንቺው መጀመሪያ ካልነካሽው ማንም አይነካልሽም።

ስለ ብድሩ። አበዳሪዎች የተበዳሪን የኋላ ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ያያሉ። በወንድምሽ ስም ወስዳችሁ አንቺ ሠርተሽ አንድ ቀን ሳታሳልፊ ብትከፍዪ ጥሩ ከፋይ ተብሎ የሚመዘገበው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ትልቅ ብድር ስትጠይቂ ግን ምንም ያልሠራሽ ሰው ትመስያለሽ። ለሴቶች ተብሎ የቀረበ ገንዘብም ያመልጥሻል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ገንዘብ ሲያቀርብ የቆየው ሴቶች በቡድን ሳይሆን በግላቸው እንዲበደሩ ነው። እናት ባንክም ሲቋቋም ሴቶችን አስቦ ነው። በእንደዚህ ያለ በር ስትገቢ መጀመሪያ የሚታየው በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ነው። የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ቅርንጫፍ ቅርብሽ ነውና ለሴት ነጋዴዎች ምን ብድር እንዳለ፣ ወለዱንና ቅድመ ሁኔታውን ጠይቂ። ሦስት ተቋም ጠይቀሽ በወረቀት ጽፈሽ አወዳድሪ።

የቤተሰብሽ እርዳታ አያስፈልግሽም እያልኩ አይደለም። ያስፈልግሻል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እርዳታ በትክክለኛ ስሙ ይጻፍ። የአባትሽን ጓዳ ወይም ግቢ ለሥራ የምትጠቀሚ ከሆነ ከአባትሽም ጋር ቢሆን የኪራይ ወይም በነጻ የመጠቀም ውል ተዋዋሉ፤ ፈቃድ ስታወጪ የሥራ ቦታሽን የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅሽ አይቀርም። አባትሽ ቤታቸውን ለብድርሽ ቢያስይዙልሽ ቤቱ በእሳቸው ስም፣ ብድሩ ባንቺ ስም ሊሆን ይችላል። መያዣ የሚሰጠውና የሚበደረው የግድ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። የእናትሽ ፊርማም ያስፈልጋል፤ ቤቱ የሁለቱም ነውና። ሰው ዋስ ከሆነልሽ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር ይጻፍ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና አይጸናም። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። ብዙ አባት የሚፈራው ልጁን ሳይሆን መጨረሻው የማይታወቅ ዕዳን ነው።

ወንድምሽ ገንዘብ ከጨመረልሽ ብድር ነው ወይስ ድርሻ የሚለውን ገንዘቡን ሳትቀበዪ ለዩ። ብድር ከሆነ ጻፉት፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሕግ ፊት የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው። ድርሻ ከሆነ ማኅበር አቋቁማችሁ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ይመዝገብ። ለአሁኑ ግን በግል ፈቃድ ብትጀምሪ እመርጣለሁ፤ ማኅበር ወጪውም ወረቀቱም ይበዛል። ቢሮውን ያውቃል ካላችሁም አብሮሽ ይሂድ፤ ፈራሚዋ ግን አንቺ ሁኚ።

በቤት ስትነጋገሩ አጎትሽን ወይም አባትሽ የሚሰሟቸውን አንድ ሽማግሌ ጥሪ። «አባዬ፣ ቤትዎን አልወስድብዎትም። ይህን ያህል ብር እበደራለሁ፣ በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ ባይሸጥልኝ ደግሞ ያለኝን በርበሬ ሸጬ ይህን ያህሉን እመልሳለሁ» በያቸው። ቁጥሩን ይዘሽ ግቢ። የሒሳብ ትምህርትሽ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወፍጮው። በመጀመሪያው ዓመት አትግዢ። ወፍጮ የሚጎዳው ከዋጋው ይልቅ ባለሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ሳይገባለት ሲገዛ ነው፤ ማሽኑ ጥግ ተቀምጦ የብድሩ ክፍያ ይጀምራል። በሰው ወፍጮ አስፈጪ፤ ጠዋት ከማንም በፊት ቀጠሮ ያዢ። ከአንቺ በፊት የተፈጨው በውስጡ ስለሚቀር መጀመሪያ የወጣውን ሁለት ኪሎ ያህል ለይተሽ ለቤት አድርጊው፤ አለዚያ ሽሮሽ ውስጥ የሌላ ሰው ዱቄት ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ያስፈጨሽበት ገንዘብ ከማሽን ወርኃዊ ክፍያ ጋር ከተቀራረበ በሊዝ አስቢበት፤ ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስን የመሰለ ተቋም ማሽኑን ገዝቶ ያከራይሻል፣ ክፍያሽን ስትጨርሺ ያንቺ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትም ለብድር መያዣ መሆን ስለሚችል ያን ጊዜ የአባትሽ ቤት ላያስፈልግ ይችላል።

ስለዚህ የምትበደሪው ለበርበሬ መግዣ ይሁን። እናንተ ያላችሁት ጃቢ ጠህናንና ቡሬ በርበሬ በሚያበቅሉበት አገር ነው፤ አዲስ በርበሬ ገበያ ሲሞላ ዋጋው ይረክሳል፣ ወደ ክረምት ሲጠጋ ይወጣል። ብድሩ ከመኸሩ ቀድሞ እጅሽ እንዲገባ ከወራት በፊት አመልክቺ፤ ዘግይቶ የመጣ ብድር በውድ ዋጋ ያስገዛሻል። ሽያጭሽ እስኪጀምር የእፎይታ ጊዜ ጠይቂ። ስትገዢ ዛላውን ነቅንቂው፤ በደንብ የደረቀ ፍሬው ይንኳኳል። ክብደት እንዲያነሣ ውኃ የተረጨበት በርበሬ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፤ ቢፈጭም ቢበስልም አይጠፋም። መሬት ላይ አታስጪ፤ ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ይሁን። ሽሮው ውስጥ ለርካሽነቱ ብለሽ ጓያ አትጨምሪ። በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ ይህን በእኛ አገር ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። መንገድ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ስለሚቆም የቅመሙንና የማሸጊያውን ቢያንስ የሁለት ወር አስቀምጪ።

ዋጋ ስታወጪ ከተገዛው ሳይሆን ከተረፈው ኪሎ ተነሺ። ለምሳሌ ከ100 ኪሎ ዛላ ግንጩ፣ የተበላሸውና ፀሐይ ላይ የቀለለው ተቀንሶ 82 ኪሎ ቢቀርሽ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ከገዛሽበት በ22 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ቅመም፣ ወፍጮ፣ ማሸጊያና መላኪያ ገና አልተነካም። ያንቺንና የእናትሽን ድካም እንደ ደመወዝ ጻፊው። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችሽ እስካሁን የከፈሉሽ ዋጋ ይህን አይሸፍንም ብዬ እገምታለሁ።

የባሕር ዳሩን ሱቅ ተይው፤ እዚያ በርበሬና ሽሮ ለሚሸጡ ሱቆች አስረክቢ። የመንግሥት ማስታወቂያም ሲወጣ አባትሽ ይመዝገቡልሽ፤ ሥራሽን ግን እሱን እየጠበቅሽ አታቁሚ፤ አራት ዓመት በቂ ነው።

ፈቃዱን ለማውጣት የፋይዳ መታወቂያሽንና የቦታ ውልሽን ይዘሽ ከገቢዎች የመለያ ቁጥር አውጪ፣ ከዚያ ወደ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ምግብ ስለሆነ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ የሚታጠብ ወለል፣ ውኃ፣ ከመጸዳጃ የራቀ ክፍል፣ የጤና ምርመራ ወረቀት ቀድመሽ አዘጋጂ። ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። ጥቅልሽ ላይ የምታትሚው ስም ሲታወቅ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢው፤ የንግድ ስም ማስመዝገብ የንግድ ምልክትን አያስጠብቅም። የምልክቱ ጥበቃ ሰባት ዓመት ነው፤ ይታደሳል።

ከአባትሽና ከወንድምሽ ጋር የምትጽፉትን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ላኪልኝ፤ አንብቤ የጎደለውን እነግርሻለሁ።