ኮንታክቱን ሳታዩ ባትሪውን አትውቀሱ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ጥገና ለጀመራችሁት ነው። የኔ ዕድሜ ያለፈው ከካውያና ከቴስተር ጋር ነው። አሁን አሁን ቬፕ፣ ማለትም ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ አግሎ የሚያተን ማጨሻ፣ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል። «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ» ይላሉ። ኒኮቲን ክፉ ሱስ ነው፤ ያልጀመራችሁት አትሞክሩት። ስለ ኮንታክት፣ ብረትና ብረት ተነካክተው ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፉበት ቦታ፣ ለመማር ግን ይሄን መሣሪያ የሚያህል አላየሁም። ቮልቱ ትንሽ ነው፣ አምፒሩ ብዙ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንስራው። ከባትሪ በቀጥታ የሚሰራ፣ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት የሌለውን ዓይነት እንውሰድ። ባትሪው 4 ቮልት ይስጥ፣ ኮይሉ (ግሎ ፈሳሹን የሚያተነው ሽቦ) 0.2 ኦም ይሁን። ኮንታክቶቹ እንከን ባይኖራቸው 20 አምፒር ያልፋል፤ ኮይሉም 80 ዋት ያገኛል። አሁን በባትሪው ጫፍ፣ በማብሪያውና በኮኔክተሩ (ኮይሉ በሚገጠምበት) ላይ ያለውን ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግደውን፣ ደምሩና 0.02 ኦም በሉት። አምፒሩ ወደ 18 ይወርዳል። ለኮይሉ የሚደርሰው 66 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ከ6 ዋት በላይ ደግሞ እዚያው ኮንታክቶቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ደንበኛው «ጭሱ ቀነሰ፣ እጄ ላይም ይግላል» የሚለው ይሄንኑ ነው።

ታዲያ ወጣቶች ወዲያው የሚጠይቁኝ «መዳብ ይሻላል ወይስ ናስ?» ብለው ነው። ብር ከሁሉም በላይ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ መዳብ ይከተለዋል፣ ወርቅ ሦስተኛ ነው። ናስ ከመዳብ ሩብ ያህል ቢያስተላልፍ ነው። ይሄ እውነት ነው፤ ግን ያሳስታል። 5 ሚሊሜትር ውፍረትና 1 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላት የናስ ዘንግ ሬዚስታንሷ ከ0.05 ሚሊኦም (ሚሊኦም የኦም አንድ ሺህኛ ነው) በታች ነው። የቆሸሸ ወይም የላላ ኮንታክት ግን ብዙ ሚሊኦም ይይዛል። ስለዚህ ጉዳቱ ብረቱ ሆድ ውስጥ አይደለም። ብረትና ብረት የሚነካኩበት ፊት ላይ ነው።

ሁለት ለስላሳ ብረቶች ሲገጥሙ ሙሉ በሙሉ የተነካኩ ይመስላችኋል። በእውነቱ የሚነካኩት ጥቂት ጥቃቅን ጉብታዎች ብቻ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ በሙሉ በእነሱ ተጨናንቆ ያልፋል። የሚገፋቸው ኃይል ሲበረታ ጉብታዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ መንገዱም ይሰፋል። የሚገፋቸው ሞላ (ስፕሪንግ) ሲደክም መንገዱ ይጠባል። ሞላ የሚገፋ እንጂ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ባይሆን ይመረጣል። ቀጭን የብረት ሞላ ብዙ አምፒር ሲያልፍበት ይግላል፤ ከጋለ ጉልበቱን ያጣል፤ ጉልበቱን ሲያጣ ኮንታክቱ ይላላል፤ ከላላ ደግሞ ይብስ ይግላል።

ወርቅ የሚቀባውም ከመዳብ የተሻለ ስለሚያስተላልፍ አይደለም። ስለማይዝግ ነው። መዳብ አየር ሲያገኘው ኦክሳይድ ያወጣል። ብር ድኝ ያለበት አየር ሲነካው ይጠቁራል። ወርቅ እንዳለ ይቆያል። ቅቡ ግን ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ማይክሮን አይበልጥም።

ይሄን የተማርኩት ሰው ንብረት ላይ ጥፋት ሰርቼ ነው። በጀማሪነቴ አንድ የእጅ ሬዲዮ መገናኛ መጣልኝ፣ ድምፁ ይቆራረጣል። የባትሪ ኮንታክቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኋቸው። አበሩ፣ ሬዲዮውም ሰራ፣ ደስ አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብሶበት ተመለሰ። ወርቁን ልጬ ከስሩ ያለውን ኒኬልና መዳብ ለአየር አጋልጬዋለሁ። ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቄ ኮንታክቶቹን በራሴ ወጪ ቀየርኩ። እናንተ ጥጥና ንጹህ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠቀሙ። ቬፕ ላይ ኮኔክተሩ ስር የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። አብዛኛውን ጊዜ እሱን መጥረግ ብቻ ይበቃል። ደግሞ አንዳንድ የሞላ ኮንታክት ቤሪሊየም ያለበት መዳብ ነው፤ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ እንዳትሞርዱት።

የኮይሉን ሙቀት ራሳቸው የሚቆጣጠሩት ቬፖች ላይ ነገሩ ይረቅቃል። ሙቀቱን የሚገምቱት ከኮይሉ ሬዚስታንስ ለውጥ ነው። 0.5 ኦም የስቴንለስ ኮይል ላይ ኮንታክቱ በ0.01 ኦም ቢዋዥቅ፣ መሣሪያው ኮይሉ በ20 ዲግሪ ገደማ የጋለ ይመስለዋል። ሳይግል ኃይሉን ይቀንሳል። ብዙ ሰው ቦርዱ ተበላሸ ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ኮንታክትን በቴስተሩ የኦም መለኪያ ለመለካት አትድከሙ። የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው ከኮንታክቱ የበለጠ ሬዚስታንስ አላቸው። ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው የሚነካው ፒን ላይ አስቀምጡ። ቴስተሩ ኔጌቲቩን ከፖዘቲቩ እንዳያገናኝ ተጠንቀቁ፤ ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ አይምርም። ከዚያ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ማብሪያውን ተጭናችሁ መሣሪያውን አሰሩት። በ18 አምፒር 180 ሚሊቮልት ካነበባችሁ፣ ያቺ አንዲት መገናኛ ብቻዋን 10 ሚሊኦም ይዛለች ማለት ነው። ጥረጉና እንደገና ለኩ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉና ለደንበኛው አሳዩት።